የጋሽ ድንበሩ ፈረስ

የወርክሾፑ በር ማንም ሳይመጣ በራሱ መከፈት ከጀመረ ሰንብቷል። ትርንጎ ግን ብርድ ከማስገባቱ በቀር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ጮራ» አያቶቻቸውን ይዛ ከምድር የተነሳች መንኮራኩር ናት፤ በዚህ ዕድሜዋ አንድ በር ቢጃጃ ምን ይገርማል?

ደግሞም ሥራ ይዛለች። በመንኮራኩሯ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ፊልም ሊመረቅ ነው፤ መክፈቻው የእሷ ነው። ለፊልሙ የደከሙ ሰዎች ስም በባንዲራ ላይ ተጽፎ፣ ባንዲራውን ፈረሰኞች ይዘውት ያልፋሉ። ፈረሶቹን ከአትክልት ክፍሉ የዘይቱን ዛፍ እንጨት ጠርባ፣ ጋማቸውን ከተበጣጠሰ ገመድ ሠርታ፣ ፈረሰኞቹን ያረጀ ቱታ ቆርጣ አልብሳቸዋለች። እግሩን ትንሽ ገፋ፣ ፎቶ፤ ደግሞ ገፋ፣ ፎቶ። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ፈረሱ ይራመዳል። ማሽን ይህን በዓይን ጥቅሻ ይጨርሰው ነበር። የደከመ ሰው ስም ግን በእጅ ነው የሚሸኘው ብለው ያስተማሯት ጋሽ ድንበሩ ናቸው፤ ትርንጎም በዚህ ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

የበሩ ነገር ሲበዛባት ጠጋኙን ቢተውን ጠራችው። የጮራ በሮች የሚከፈቱት በእርምጃ ቁልፍ ነው፤ ከበሩ በላይ ያለችው ዓይን የሰውን አረማመድ አይታ ማን እንደሆነ ትለያለች ማለት ነው። ቢተው የበሩን ማኅደር ከፍቶ አነበበ፤ እንደገናም አነበበው።

«ማን ገባ ይላል?» አለች ትርንጎ።

«ጋሽ ድንበሩ።»

ጋሽ ድንበሩ ባለፈው መኸር አርፈዋል። ትርንጎ እጇ ላይ የነበረውን ፈረስ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ቢተው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና፣ በሩ ሲከፈት ምን እየሠራች እንደነበር ጠየቃት። የቀረጸችውን እያየች ነበር። እስቲ ድገሚው አላት። ፈረሱ በስክሪኑ ላይ መራመድ እንደጀመረ በሩ ተከፈተ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። በጮራ ላይ ፈረስ በዓይኑ ያየ የለም። ጋሽ ድንበሩ ፈረስ እንዴት እንደሚሄድ ሊያስተምሯት ሲፈልጉ ወርክሾፑ ውስጥ ራሳቸው ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ግራ እግራቸውን ጎተት እያደረጉ፣ ትከሻቸውን ወደ ቀኝ ጣል እያደረጉ። እሷም እንዳየችው ቀዳች፤ የበሩ ዓይንም በስክሪኑ ላይ ያየችው የእሳቸውን አረማመድ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ፈረስ ሁሉ የሚያነክስ ይመስላት ነበር።

የፊልሙ ዳይሬክተር ይፍቱሥራ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ተጨነቀች። ፊልሙ ወደ ምድር ይላካል። እዚያ ፈረስ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብለው ይሳለቁብናል አለች። ስለዚህ አራሚውን አስነሳች። አራሚው ከአጥንትና ከክብደት ተነስቶ የእንስሳን እውነተኛ አካሄድ የሚያሰላ ማሽን ነው። ወዲያው ፈረሱ በስክሪኑ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ትርንጎ ማማሩን አልካደችም። በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ፤ እሷን ያመማትም ይኸው ነው።

ቢተው ሊያጽናናት ፈልጎ ሌላ መላ አመጣ። ፈረሱ እንዳለ ይቆይ፣ እኔ ጋሽ ድንበሩን ከበሮቹ ማኅደር ላጥፋቸው አለ። ደንቡም እንዲያ ነው፤ የሞተ ሰው አረማመድ ይሰረዛል፤ እሱ እጁ አልታዘዝ ብሎት እንጂ ድሮ መጥፋት ነበረበት።

«ከፈረሱም ከበሩም ከጠፉ፣» አለች ትርንጎ፣ «የት ሄጄ ላግኛቸው?»

ይፍቱሥራ አራሚውን አጠፋች።

«እንደወደድሽ አድርጊ፣» አለቻት ከወንበሯ እየተነሳች። «ከምድር ለሚመጣው ሳቅ ግን መልስ የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።»

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ትርንጎ ጥግ ላይ ቆማ እጇን ብብቷ ውስጥ ወሽቃለች። እውነቱን ለመናገር ፈርታለች። መብራቱ ጠፋ፣ የመጀመሪያው ፈረሰኛ ባንዲራውን ይዞ ብቅ አለ፤ ፈረሱም ግራ እግሩን ጎተት፣ ትከሻውን ወደ ቀኝ ጣል እያደረገ መጣ። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ብርሃን ገባ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ማንም የለም።

ከዚያ ዓይኖቻቸው ከባዶው በር ወደ ፈረሱ ተመለሱ። በጮራ መተላለፊያዎች ላይ ያንን አረማመድ የማያውቅ አልነበረም። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት እማማ የሺመቤት በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ኖር!» አሉ።

ከኋላቸው አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ተከተለ፣ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ይፍቱሥራም ቆማለች። እነዚህ ሰዎች ፈረስ እንዴት እንደሚራመድ አያውቁም። ታላቅ ሰው ሲገባ መነሳትን ግን ይህን ሁሉ መንገድ ሲጓዙ አልረሱም። ትርንጎ እንባዋ ቢመጣም አንገቷን ቀና አደረገች፤ የምድር ሰዎች ደስ እንዳላቸው ይሳቁ።

ቆሞ የተቀበለ ሰው ደግሞ መልስ ይጠብቃል። የሚመልስ ከሌለ አይቀመጥም። ስለዚህ ትርንጎ ከጥጉ ወጥታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ በጋሽ ድንበሩ ፈንታ መለሰች።

«በእግዜር።»