ዱባ ዛሬ አይበላም

ጠጋ፣ ጠጋ በሉ ልጆች። ጠገብኩ ማለት ስለማያውቅ አንድ ዓሣ ልንገራችሁ።

የዓሣው ስም ዱባ ነው። እንደ ዱባ ብርቱካናማ፣ እንደ ዱባም ድብልብል ያለ ነው።

ዱባ የሚኖረው በእነ ናርዶስ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ባለው የመስታወት ገንዳ ነው። ቀኑን ሙሉ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ቡልቅ! ቡልቅ!»

ናርዶስ ወደ ገንዳው ስትጠጋ ዱባ ጭራውን እያወዛወዘ ይመጣል። «አየሽ እማዬ? ይወደኛል እኮ!» ትላለች ናርዶስ። ደስታዋ ልክ የለውም።

ታዲያ የሚወዱትን ዝም ብለው ያዩታል እንዴ? ያጎርሱታል እንጂ!

ናርዶስ ከዓሣው ምግብ ቆንጠር አደረገችና፣ «በሞቴ ዱባዬ፣ ይቺን ብቻ!» አለችው። ጠብ! ዱባም ዋጥ!

እማዬ ከሥራ መጣች። «ውይ የኔ ጌታ፣ ርቦሃል አይደል? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ጠብ! ዱባም ዋጥ!

አባባ፣ የናርዶስ አያት፣ መነጽራቸውን አደረጉና ገንዳውን አዩ። «ይኼ ልጅ አፉን ከፍቶ እየለመነ ዝም ትሉታላችሁ? በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» የዳቦ ፍርፋሪ ጠብ! ዱባም ዋጥ!

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ማንም ማብላቱን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቀን ጠዋት ናርዶስ ወደ ገንዳው ሮጠች። ዱባ ግን አልመጣም።

ውኃው ደፍርሷል። የዱባ ሆድ ተነፍቷል። በጎኑ ጋደም ብሎ ተንሳፍፏል።

«እማዬ! እማዬ! ዱባ ታመመ! ይሞትብኛል እንዴ?» ናርዶስ አለቀሰች።

እማዬ ቶሎ ብላ ለወንድሟ ደወለች። ጋሼ ሚልኪያስ ቤቱ ውስጥ ብዙ ዓሦች አሉት፤ ስለ ዓሣ ያውቃል።

ጋሼ ሚልኪያስ መጣ። ጎንበስ ብሎ ዱባን አየው። አሁንም አየው። «ለመሆኑ ይኼን ዓሣ የሚያበላው ማነው?»

«እኔ!» አለች ናርዶስ።

«እኔም» አለች እማዬ።

«እኔማ… ትንሽ ዳቦ ብቻ» አሉ አባባ፣ ጺማቸውን እያከኩ።

ጋሼ ሚልኪያስ ሳቁ መጣ። «በሉ ስሙኝ። ዓሣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ሆዱን የነፋው እሱ ነው።»

«መድኃኒቱስ ምንድነው?» አለች ናርዶስ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«መድኃኒቱ አለመብላት ነው። እኔ ተመልሼ እስክመጣ ምንም! አንቺ ጠባቂው ነሽ።»

ከዚያም የደፈረሰውን ውኃ በጆግ እየቀዱ ቀነሱ። በባልዲ ያደረ ንጹሕ ውኃ ቀስ እያሉ ጨመሩ።

ናርዶስ ወንበር ስባ ገንዳው አጠገብ ተቀመጠች። «ካላበላሁትማ ይጠላኛል» አለች በልቧ።

እማዬ መጣች። እጇ ሳታስበው ወደ ምግቡ ሄደ። ናርዶስ ጮኸች፦ «ዱባ ዛሬ አይበላም!»

አባባ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ መጡ። በመዳፋቸው ፍርፋሪ ደብቀዋል። «አባባ! ዱባ ዛሬ አይበላም!»

ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ ልትጠይቅ መጣች። «ውይ በሞትኩት! የታመመ ሰው ጾሙን ይዋል እንዴ? ትንሽ አቅምሱት እንጂ!» ሁሉም በአንድ ላይ፦ «ዱባ ዛሬ አይበላም!»

በማግስቱም እንዲሁ ዋሉ።

ከዚያ ዱባ ራሱ ናርዶስን አያት። አፉን ከፈተ። ዘጋ። ከፈተ።

የናርዶስ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ምግቡ ሄደ። ቀስ… ቀስ…

«አይ!» አለችና ሁለቱም እጆቿ ላይ ቁጭ አለች። «ዱባዬ፣ እንዳትቀየመኝ። እንዲሻልህ ብዬ ነው።»

ጋሼ ሚልኪያስ ተመልሶ መጣ። እማዬ አንዲት አረንጓዴ አተር ቀቀለች። ልጣጯን ላጡና ከውስጧ ቅንጣቢ ለናርዶስ ሰጧት።

ጠብ! ዱባም ዋጥ!

ጠበቁ። ጠበቁ። አሁንም ጠበቁ።

ከዚያማ… ዱባ ካካ አደረገ! ረጅም፣ እንደ ክር የተንዘለዘለ ካካ!

«እሰይ! ተገላገለ!» ብለው አባባ ጭናቸውን መቱ። እማዬ እልል አለች። ናርዶስ እስኪያማት ሳቀች።

የዱባ ሆድ ቀስ በቀስ ጎደለ። ተቃንቶ መዋኘት ጀመረ። «ቡልቅ! ቡልቅ!»

«ከእንግዲህ ጠዋት አንድ ቁንጥር፣ እሱንም ናርዶስ ብቻ ናት የምትሰጠው» አለ ጋሼ ሚልኪያስ። አባባ ወደ ኮርኒሱ አዩ፤ ያልሰሙ መሰሉ።

ሲመሽ ናርዶስ የሌሊት ልብሷን ለብሳ ወደ ገንዳው ሄደች። ሁለት ባዶ መዳፎቿን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ዱባዬ፣ ምንም አልያዝኩም። እንዲሁ ላይህ ነው የመጣሁት።»

ዱባ ከወዲያኛው ጥግ አያት። ጭራውን አወዛወዘ። ቀጥ ብሎ መጣና አፍንጫውን ከመዳፏ ፊት ለፊት አስጠጋ።

ጣቷን ወደ ቀኝ ወሰደች፤ ተከተላት። ወደ ግራ ወሰደች፤ ተከተላት።

«እማዬ!» አለች ናርዶስ በሹክሹክታ። «ባዶ እጄን ነኝ እኮ። ግን መጣ!»

እማዬ ጉንጯን ሳመቻትና አቅፋ ወደ አልጋዋ ወሰደቻት።