ደረጃው ደርቆ ነበር

ላይላ ከደረጃ አልወደቀችም። ራኒያ በጥፊ መታቻት፣ ጆሮዋ ደማ፣ ከዚያ ሻይማ ዋሸች። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከትሎ የመጣ ነው።

የመታችው የሻይማ ታላቅ እህት ናት። የተመታችው ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሻይማ ጋር አንድ ወንበር የተጋራች ጓደኛዋ። ሻይማ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእህትሽና ከጓደኛሽ አንዷን ምረጪ የሚላት ሰው ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ራኒያ በመምህርነት በከፍተኛ ውጤት ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በሦስት ዓመት ያገኘችው ሥራ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ዓደን ውስጥ ተዋሂ በሚባለው ሰፈር ባለው የሴቶች ትምህርት ቤት፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ተብላ የተጻፈችው ኡስታዛ ሱዓድ ናት። ሱዓድ ግን ባሏን ተከትላ ጅዳ ከገባች ሦስት ረመዳን አልፏታል። ክፍል የምትገባው፣ ፈተና የምታርመው፣ ጠዋት ጠዋት የፊርማ መዝገቡ፣ ደፍተሩ፣ ላይ «ሱዓድ» ብላ የምትፈርመው ራኒያ ናት። ሱዓድ ከደመወዟ የራሷን ድርሻ ቆርሳ የተረፈውን ትልክላታለች። እንዲህ ያለውን አስተማሪ በዲል ይሉታል፣ ምትክ ማለት ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ሰኞ ጠዋት የአዲስ ተቀጣሪዎች ዝርዝር ወጣ። ራኒያ በስልኳ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አየችው። ስሟ የለም። ከእሷ በኋላ የተመረቁ፣ እሷ በፈተና ሰሞን ስታስጠናቸው የነበሩ ልጆች አሉበት። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችና ክፍል ገባች።

ላይላ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ምላሷ ቀድሟት ይሄዳል እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ለራኒያ ዱዓ ስታደርግ ነበር። እጇን አወጣችና፣ «ኡስታዛ፣ ስምሽ ወጣ?» አለች። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ሳቁ። የሳቁት በሌላ ነገር ነው፤ ግን ሳቁ።

ራኒያ ሰው ስትመታ አትጮህም። ሻይማ ይህን ከቤት ታውቃለች። በዝግታ መጣች፣ ጠመኔውን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረች፣ ከዚያ በተዘረጋ መዳፍ ላይላን ጆሮዋ ላይ አጮለቻት። ላይላ ከነወንበሯ ወደቀች። ስትነሣ ሂጃቧ ላይ ሣንቲም የምታህል ደም ነበረች፤ እያዩዋት ሰፋች።

መታጠቢያ ቤት ይዛት የሄደችው ሻይማ ናት።

«ከደረጃ ወደቅኩ በዪ» አለቻት፣ ሂጃቡን ከቧንቧው ሥር እያሸች።

«እህትሽ እኮ ናት የመታችኝ።»

«ጣሪቅ ከሰማ ይገድላታል።»

ላይላ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ጣሪቅ የላይላ ታላቅ ወንድም ነው፣ ወታደር። ባለፈው ዓመት በመኪና ማቆሚያ የተጣላውን ባለሱቅ እግሩን በጥይት መትቶ አንክሶታል። ላይላ ወንድሟን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«እሺ» አለች። «አንድ ጊዜ ግን ነው የምዋሽልሽ።»

ሙዲራዋ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ውሸቱን ከልጆቹ እጅ ተቀብላ አሳመረችው። ጉዳዩ ትምህርት ቢሮ ከደረሰ በሱዓድ ስም ማን እንደምትፈርም ይጠየቃል፤ እሷም አትተርፍም። ሻይማ የእጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ምስክርነቱን እሷ ጻፈች። «ደረጃው ጠዋት ታጥቦ እርጥብ ስለነበር ላይላ አዳለጣት።» «ታጥቦ እርጥብ ስለነበር» የሚለውን ያስጨመረችው ሙዲራዋ ናት፤ በደረቅ ደረጃ የወደቀ ሰው ጥያቄ ያስነሣል ብላ። ከዚያ ራኒያን ለብቻዋ ጠርታ፣ ሐሙስ የማሟያ ዝርዝር እንደሚዘጋጅ ነገረቻት። ፋይሏን ራሷ ይዛላት እንደምትሄድም ቃል ገባችላት።

የዚያን ዕለት ራኒያ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ደረጃ እንደሆነ ዘመድ የለው» አለች። «ማን ይቆረቆርለታል?»

ደረጃው ግን የሚያጥበው ሰው ነበረው።

ደስታው ይባላል። ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆን ነው። ወሎ ውስጥ በሒሳብ መምህርነት ዲፕሎማ ይዞ ምደባ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ቁጭ አለ፤ ከዚያ እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ተነሣ። ድንበር ላይ ጥይት ጭኑን ሲበሳው ጓደኞቹ ተሸክመው መለሱት፤ ዓደን ላይ ቀረ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሦስቱን ፎቅ በሳሙና ውኃ ያጥባል። ሻይማን የአማርኛ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። ከሐበሻ እናቷ የሰማችውን ቋንቋ ትናገር ነበር እንጂ ማንበብ አትችልም ነበር። በጠመኔ ስብርባሪ ደረጃው ላይ እየጻፈ አስተማራት፤ ከዚያ የጻፈውን ያጥበዋል። «መምህር» ብላ የምትጠራው በዓደን እሷ ብቻ ናት። ሲለው ሲለው ይቀልዳል፤ «እኔ እንኳ የደረጃ ዕድገት አግኝቻለሁ፣ እስከ ሦስተኛ ፎቅ።»

ማክሰኞ ቀትር ላይ ጣሪቅ መጣ። ሁለት ሰዎች ተከትለውታል፤ ሦስቱም ክላሽ ይዘዋል። ተማሪው አብዛኛው ወጥቶ ነበር። ሻይማ እህቷን እየጠበቀች ከደረጃው ግርጌ ቆማለች። ደስታው ባልዲውን ሞልቶ ገና ማጠብ መጀመሩ ነው።

ጣሪቅ ሐኪሙ ያለውን ለሙዲራዋ ተናገረ። የላይላ የጆሮ ታምቡር ተቀዷል፤ ይዳን አይዳን አይታወቅም። ሙዲራዋ የሻይማን ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ደረጃውን የሚያጥበው ማነው?» አለ።

ሙዲራዋ ጣቷን አላነሣችም። ዓይኗ ግን ወደ ባልዲው ሄደ።

ደስታው መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። በተሰባበረ ዓረብኛው፣ አዎ እኔ ነኝ፣ ግን የማጥበው፣ ብሎ ሳይጨርስ የጠመንጃው ሰደፍ ጆሮው ላይ አረፈ። ድምፁ የእንጨት ድምፅ አልነበረም። በጉልበቱ ወደቀ፣ ባልዲው ተገለበጠ፣ አሁን ደረጃው እውነትም ረጠበ።

«የግራው ነው» አለ ጣሪቅ ለጓደኞቹ፣ ዕቃ እንደሚያዝ ሰው። «እሷም የታመመችው የግራው ነው።» አንደኛው የደስታውን ፀጉር ይዞ ጭንቅላቱን አዘነበለለት። ጣሪቅ እዚያው ቦታ ላይ ደገመው። ከዚያ ሦስተኛ። የሳሙናው ውኃ ሮዝ ሆኖ በሻይማ ጫማ ሥር አለፈ።

ደስታው አልጮኸም። አፉ የገባውን ደም ተፋና ቀና ብሎ ሻይማን ፈለገ።

«እቱ» አለ በአማርኛ። «ጠዋት አላጥብም እኮ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከእሱ ሌላ በዚያ ግቢ ይህን ቋንቋ የሚሰሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሻይማ ወደ ላይ አየች። ራኒያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደፍተሩን በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው።

«ምንድነው የሚለው?» አለ ጣሪቅ ወደ ሻይማ ዞሮ። «አንቺ የሐበሻ ልጅ ነሽ፣ ትሰሚያለሽ። ምን አለ?»

ሻይማ ዓይኗን ከራኒያ መለሰች። ከዚያ ራሷን ስትናገር ሰማች።

«ይቅርታ እየጠየቀ ነው።»

ጣሪቅ በዚህ የረካ መሰለ። ደስታውን በብብቱ ጎትተው በመጡበት ፒክአፕ መኪና ላይ ጣሉት። ወረቀት የሌለው ስደተኛ መሆኑን ሲያውቁ አንደኛው፣ ለዛሬ ጣቢያ እናሳድረው፣ ነገ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ብር አሕመድ ይሄዳል አለ። ብር አሕመድ ስደተኞች የሚታሰሩበት ነው። መኪናው ሲነሣ የደስታው አንድ ጫማ ግቢው ውስጥ ቀረ።

ሙዲራዋ ደረጃው ይደርቅ ዘንድ መስኮቶቹ እንዲከፈቱ አዘዘች። ሻይማ ግን ከደረጃው ሥር ወዳለችው መጥረጊያ ማስቀመጫ ገባች። ደስታው ዕቃውን እዚያ እንደሚያኖር ታውቃለች። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት። ወረቀቱን ከደብተሮቿ መካከል አስገባችው።

ቤታቸው ከወደቡ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። አባታቸው ሞቷል። እናታቸው ዙለይኻ ኢንማ ከተማ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስለምትሠራ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ራኒያ ለሐሙሱ ፋይል የምታስገባቸውን ወረቀቶች ምንጣፉ ላይ ደርድራለች። ሻይማ የደስታውን ዲፕሎማ ፈትታ ከእህቷ ዲፕሎማ አጠገብ አስቀመጠችው። አንዱ በዓረብኛ፣ አንዱ በአማርኛ። ሁለቱም ባለ ማኅተም፣ ሁለቱም ባለ ፎቶ።

«ምንድነው ይሄ?»

«አንቺ አማርኛ ማንበብ አትችዪም፣ ላንብብልሽ?»

ራኒያ ፎቶውን አይታ ወረቀቱን በእግሯ ጣት ገፋችው። ሻይማ ለላይላ ወንድም እውነቱን እንደምትነግር ስታስታውቃት ራኒያ መጀመሪያ በለሆሳስ ተናገረች። ይህ ሰው ሳዑዲ ሊሄድ የመጣ ነው፤ ዛሬ ባይያዝ ነገ መያዙ አይቀርም። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ የምትሄድበት አገር የላትም። እናታቸው አራት ዓመት የሰው ሽንት ቤት ያጠበችው እሷን ለማስተማር ነው፤ ለእማዬ ምን ሊሏት ነው?

«ሦስት ዓመት በሰው ስም ፈርሜአለሁ» አለች። «ሐሙስ በራሴ ስም እፈርማለሁ። ሁለት ቀን ዝም ማለት ያቅትሻል?»

«እሱ እስከ ሐሙስ አይቆይም።»

«ጣሪቅ የእሱን ጆሮ ያደረገውን በእኔ ቢያደርግስ? ይሄን ትፈልጊያለሽ?»

ሻይማ ይህን ከግቢው ጀምሮ ስታስበው ነበር። ራኒያ አሁኑኑ ሚኒባስ ይዛ ኢንማ ከተማ እናታቸው ዘንድ እንድትሄድ ነገረቻት። እሷ ደግሞ መጀመሪያ ላይላን ታገኛለች፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው የላይላ አባት ባሉበት ለጣሪቅ ይነግሩታል። አባትየው ሽማግሌና አላህን የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ምናልባት ይይዙት ይሆናል። ምናልባት ላይይዙትም ይችላሉ።

«አንድ ሰዓት አለሽ» አለቻት። «ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።»

«አሽከር አደረግሽኝ እንዴ? አንቺ ነሽ የምታዢኝ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ እየጠየቀ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።» ሻይማ ጎንበስ ብላ የደስታውን ወረቀት አነሣች። «ላይላ እኮ ስታሾፍብሽ አልነበረም። ዱዓ ስታደርግልሽ ነበር።»

 ራኒያ በእጇ የያዘችውን እስክሪብቶ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረች። ሻይማ አየቻት፤ ምን እንደሚመጣም አወቀች። ለመሸሽ በቂ ጊዜ ነበራት። አልሸሸችም።

ጥፊው ከግድግዳው ጋር አላተማት። ክፍሉ ለአፍታ ነጭ ሆነ፤ ቀጥሎ እንደ ጄኔሬተር ያለ ጩኸት ጭንቅላቷን ሞላው። ራኒያ መዳፏን ዘርግታ እያየችው ነበር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለው ግን አይሰማም። ምንጣፉ ላይ የተደረደሩት ወረቀቶች በእግር ተረግጠው ተበትነዋል።

ሻይማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ሂጃቧን አስተካከለች፣ ዲፕሎማውን በላስቲኩ መልሳ ጠቀለለችና አባያዋ ውስጥ ከተተችው፣ ጫማዋን አጠለቀች። ራኒያ ከበሩ ፊት ቆማ ነበር። ተያዩ። ራኒያ ገለል አለች፤ ዓይኗን ግን ከመዳፏ አላነሣችም።

ሻይማ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ሲዘጋ የሰማችው በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ነበር።