ገደሉ ላይ ያብለጨለጨው መስታወት

የዋሸሁ ከመሰላችሁ ሄዳችሁ እንድትጠይቋቸው፣ መጀመሪያ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልጥራ። በመካነ ሰላም በኩል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ እኔ ይማም፣ ምሰሶ የሚወጣልኝ ጓደኛዬ ከድር፣ ምሰሶውን ማሳቸው ላይ እንድንተክል የፈቀዱልን ሼህ እንድሪስ ነበርን። ከገደሉ ማዶ፣ ጤና ኬላው ውስጥ፣ እዚያ የምትሠራው እህቴ ዘሀራ፣ ዘበኛው ጋሽ ደሳለኝና፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ አንዲት ወላድ ነበሩ። ሌላ ሰው አልነበረም፣ ቢያንስ እኔ የማውቀው የለም።

እመኑኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ በልጅነቴም ጓደኞቼ ስለ ገደሉ ጂን ማውራት ሲጀምሩ ተነስቼ ወደ ቤቴ የምሄድ ነበርኩ። የሬዲዮ ሞገድን ነገር ያስተማረኝ የለም፣ ከስልኬ እያነበብኩ፣ እየሞከርኩ ነው ያወቅሁት፣ ስለዚህ ሳልለካ አላወራም።

ማዶ ኔትወርክ የለም። አምቡላንስ ለመጥራት ሰው ዳገቱን ወጥቶ መደወል አለበት፣ ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ የተላከው ሰው ሳይመለስ ዘሀራ እጅ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ዘሀራ ከሰው ጋር መጫወት ተወች፣ እኔም ኢንተርኔቱን ገደሉን ሳላሻግር አልቀመጥም አልኩ። ኢንተርኔቱን በሞገድ የሚቀባበሉ ሁለት ዲሽ ፈልጌ አንዱን ተሻግሬ ኬላው ጣሪያ ላይ ፊቱን ወደ እኛ አድርጌ አሰርኩት፣ ሌላውን እዚህ ምሰሶው ላይ ሰቀልን። ችግሩ መሃል ላይ ያለው ጉብታ ነበር። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ዓይን ማየቱ ብቻ አይበቃውም፣ በመስመሩ ዙሪያ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ጉብታ ባይጋርደው እንኳ ከተጠጋው ይደክማል። በካርታ ሳሰላው ለጥቂት ያልፋል፣ ጉብታው ላይ የበቀለውን ባሕር ዛፍ ግን ካርታው አያውቀውም።

ማዶ ስልክ ስለማይሠራ ከጋሽ ደሳለኝ ጋር የተስማማነው በመስታወት ነው፣ ኬላው በር ላይ ቆሞ በፀሐይ ሦስት ጊዜ ያብለጨልጫል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ፣ እኛም በዚያ እናነጣጥራለን።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው፣ ጠዋት። የማዶው አናት ጉም ለብሷል፣ ከሥሩ ያለው ገደል ግን ፀሐይ አርፎበታል። ዲሹን በኮምፓስ ወደ ኬላው አዞርነው፣ ሲግናል የለም። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ የለም።

«ይማም፣ በፉጨት ብንጠራቸው ይቀል ነበር» አለ ከድር ከላይ።

«ዝም ብለህ አዙር።»

«ክንዴ ዛለ እኮ።»

«ተወው ይዛል» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ «ቁርሱን የሦስት ሰው ነው የበላው።» ይህን ብለው ሳይጨርሱ እጃቸውን ወደ ማዶ ዘረጉ። «ያ የሚያበራው ምንድነው?»

ከኬላው በስተግራ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ ፊት ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ ረፍት፣ ሦስት ጊዜ።

«ጋሽ ደሳለኝ ነዋ፣ ጉሙ ሲሸፍነው ፀሐይ ፍለጋ ወርዶ» አለ ከድር። እኔም ያው መሰለኝ፣ ግን የማዶው ዲሽ የታሰረው ኬላው ላይ እንጂ እሱ ጀርባ ላይ አይደለም፣ ወደዚያ ማዞር ምን ይረባል አልኩ።

«ልጄ፣ ቀጥታው እንደሁ እምቢ ብሎሃል» አሉኝ ሼህ እንድሪስ። «ይህንንም ሞክረው።»

ከድር አዞረው። ዲሹ ላይ ያሉት የሲግናል መብራቶች ሁሉም በሩ፣ እኔ ገና ዓይኔን ሳላምን በኢንተርኔት ተደወለልኝ፣ ዘሀራ ናት።

«ይማሜ፣ አምቡላንስ። እየደማች ያለች ወላድ አለችኝ፣ ቶሎ በል።»

ከድር ተንሸራቶ ወረደና ደወለ፣ አምቡላንሱም ተነሳ። ይህን ነግሬያት «ጋሽ ደሳለኝን አመስግኚልኝ፣ ያለ መስታወቱ አናገኛችሁም ነበር» አልኳት።

«የምን መስታወት? ከነጋ ጉም ውስጥ ነን። እሱ ይኸው አጠገቤ ቆሞ ባትሪ እያበራልኝ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። ገደሉ ላይ አሁንም ሦስት ጊዜ፣ ረፍት፣ ሦስት ጊዜ።

ሴትዮዋ ተርፋለች፣ ልጇም፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም በኋላ ወርጄ ገደሉን በቅርብ አይቼዋለሁ፣ ልሙጥ አለት ነው፣ ሰው ቀርቶ ጭላዳ የሚቆምበት ጠርዝ የለውም። ሞገድ ከአለት ነጥሮ ሊሄድ እንደሚችል አንብቤያለሁ፣ ሲግናሉ የደረሰው በዚያ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፣ ይህ ያሳምነኛል፣ የመስታወቱን ግን የሚያሳምነኝ አላገኘሁም። አንድ ቀን ዲሹን ወደ ቀጥታው መለስኩት፣ ወዲያው ሞተ፣ ወደ ገደሉ ሳዞረው ተነሳ። ዘሀራ «ማን እንደሚያቀብለን ሳናውቅ ዝም ብለን እንጠቀማለን?» ትለኛለች። አዎ እላታለሁ፣ ኬላው ውስጥ ምጥ የያዛት እስካለች ድረስ አልነካውም፣ ግን እውነቴን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ማየት ትቻለሁ።

ሼህ እንድሪስ፣ እርስዎ ከእኔ በፊት ስላዩት የቀረኝ ካለ ይጨምሩበት። ጋሽ ደሳለኝ፣ አንተም እንዲሁ። ከድር፣ ዲሹን ወደ ገደሉ ስታዞር እጅህን አንስተህ ሰላምታ ስትሰጥ ከታች አይቼሃለሁ፣ ያን ቀን ደፍሬ አልጠየቅሁህም። አንተ ከሁላችንም ከፍ ብለህ ነበርና ያየኸውን ጻፍልኝ። ሰላምታህን መለሰልህ?