ይሉኝታ የሌለው በሽተኛ

በደማንሁር ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የምትሠራው ዶክተር ራውያ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀት ስትመረምር የሚጮህባት በሽተኛ ገጥሟት አያውቅም። ከገጠር የሚመጡት ድሆች ጥርሳቸውን ነክሰው ይችሉና ከአልጋው ሲወርዱ «እጅሽ ይባረክ» ይሏታል። እሷም እጄ ለስላሳ ነው ብላ አምና ነበር።

አትክልት ሻጯ ኡም ኢስማትም እንዲሁ መርቀዋት ሄዱ። አንጀታቸው ውስጥ ግን ካልተቆረጠ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትርፍ ሥጋ በቅሎ ነበር። ትርፉ ሥጋ ሊቆረጥላቸው በተቀጠሩበት ቀን ቀሩ። ራውያ ገበያ ድረስ ሄዳ ስትጠይቃቸው፣ ቲማቲማቸውን እየደረደሩ አቀረቀሩ።

«ዶክተርዬ፣ አትቀየሚኝ። እዚያ አልጋ ላይ ከምመለስ ብሞት ይሻለኛል።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

«የተማረ ሰው እየደከመልኝ እንዴት እጮህበታለሁ?»

ራውያ አፈረች። ድሃ ስለታገሠ አላመመውም ማለት እንዳልሆነ የገባት ያኔ ነው።

ሆስፒታሉ ሐኪሞች የሚለማመዱበት፣ በሰው አምሳል የተሠራ ሰው ሠራሽ አንጀት ያለው፣ እጅ ሲከብድበት የሚጮህ ማሽን ነበረው። ጩኸቱ ስላስመረራቸው ድምፁን አጥፍተው አቧራ አልብሰውታል። ራውያ ድምፁን ከፈተችው። ቱቦውን ገና ስታስገባ ማሽኑ አገሩን በጩኸት አቀለጠው።

የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሺሃታ ሳቁባት። «ልጄ፣ እኛ በሰው ላይ ተምረን ነው እዚህ የደረስነው። በአሻንጉሊት ሐኪም አይኮንም።»

«ፕሮፌሰር፣ ይሄ አሻንጉሊት ይሉኝታ የለውም። በሽተኞቻችን የደበቁንን ይነግረናል።»

በየማለዳው ተለማመደች። አንጀቱ በሚታጠፍበት ቦታ መግፋቷን ትታ፣ ቱቦውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ መንገድ መፈለግ ለመደች። ማሽኑ ዝም ያለ ዕለት በቀጥታ ገበያ ሄዳ ኡም ኢስማትን ለመነቻቸው። ካመመዎት ይጩሁብኝ፣ ወዲያው አቆማለሁ ብላ ቃል ገባችላቸው። እሳቸውም እየፈሩ መጡ።

ሺሃታ እጃቸውን አጣጥፈው ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር። ቱቦው እየተጠማዘዘ ገባ፤ ትርፉ ሥጋ ተቆርጦ ወጣ።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አሉ ኡም ኢስማት።

«ጨርሻለሁ፣ እናቴ።»

ሴትዮዋ እንደተኙ እልልታቸውን አቀለጡት። ራውያ ደስታዋ እንባ ሆኖ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ከመለማመጃው ክፍል ጩኸት ተሰማ። ራውያ በሩን ስትከፍት ሺሃታ ቱቦውን ይዘው ላብ በላብ ሆነዋል።

«ድምፁን ልቀንስልዎት?» አለቻቸው።

«ተይው፣ ይጩህ» አሉ። «ስንት ዘመን ሰው ዝም ሲለኝ ኖሯል።»