ልጅሽን ያድናል

የዛሬው ማስታወቂያ የመጣው በሟች እናቷ ድምፅ ነበር። ዘሐራ አልደነገጠችም። ትናንት በጎረቤቷ፣ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ባዋለደቻት ነርስ ድምፅ ነበር የመጣው። በላይኛው ሠመራ የሚኖር ሰው ሁሉ ለምዶታል። በየምሰሶው ላይ የተተከለው ጆሮ ገብ፣ ማለትም ድምፅን ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ አነጣጥሮ የሚልከው መሣሪያ፣ የሚናገረው ሰሚው የሚያምነውን ሰው ድምፅ መርጦ ነው።

«ዘሐራዬ፣» አለ የእናቷ ድምፅ፣ «ኢክራም በሙቀቱ የወደቀች ዕለት ልብሽ እንዴት እንደ ነበር አውቃለሁ። ስንት ሺህ እናቶች መርጠውታል። ጠባቂ ፍሬ ልጅሽን ያድናል።»

ጠባቂ ፍሬ የሚባለው ከጆሮ ጀርባ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። ልጁ የት እንዳለ ለወላጁ ይናገራል፤ ለልጁም እንደ ጆሮ ገብ ዕድሜውን በሙሉ ሹክ ይለዋል። አንዴ ከገባ አይወጣም። ዘሐራ ዛሬ ከትምህርቷ ስትወጣ ድልድዩ ጫፍ ካለው ኪዮስክ ፊት ቆማ «እሺ» ልትል ቆርጣለች። ወላጅ እሺ ካለ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

«እማ፣ እኔን ጠይቀሽኛል?» አለች ኢክራም ከጎኗ እየተራመደች። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው።

«ስወልድሽስ ጠይቄሽ ነበር?»

«እንኳንም አልጠየቅሽኝ፣ እምቢ እልሽ ነበር።»

ዘሐራ ሳትወድ ሳቀች። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም። ባለፈው ወር የሙቀት ማዕበል ከተማዋን ሲመታ ልጇን ያገኘቻት በውኃ ማጠራቀሚያው ጣራ ላይ፣ ራሷን ስታ ነበር። ያን ነገር ዳግም ማየት አትችልም።

ኢክራም በረንዳው ላይ ቀረች፤ ዘሐራ ወደ ጎልማሶች ክፍል ገባች። መምህርት ሉባባ ለዛሬ ያዘዘችው የቤት ሥራ ጆሯቸው የገባ አንድ ማስታወቂያ መርጠው እንዲመጡ ነበር። ማስታወቂያው የሚመረመረው በቃል ሚዛን ነው። የቃል ሚዛን ከመዳፍ የማይበልጥ ጠፍጣፋ መሣሪያ ሲሆን ሦስት መብራቶች አሉት። ቃሉ የሚስበን ተናጋሪውን ስለምናምነው ከሆነ አረንጓዴው ይበራል፤ ስሜታችንን ነክቶን ከሆነ ቀዩ፣ ማስረጃ አቅርቦልን ከሆነ ነጩ። ሚዛኑ ማስታወቂያውን ከነዱካው ከምሰሶዎቹ ይስብና የሚያባብለውን ድምፅ ገፎ ፊደሉን ብቻ ግድግዳው ላይ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ተማሪው በገዛ አፉ ካላነበበው አይመዝንም።

ዘሐራ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። ተነሥታ ቆመችና ጣቷን ወደ ግድግዳው ዘርግታ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። «ጠ… ባ… ቂ… ፍ… ሬ…» መጨረሻው ቃል፣ «ያድናል» ላይ ስትደርስ ፊደሉ የሚያመልጣት መስሏት «ድ»ን ጫን ብላ አነበበችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ ዘሐራ!» አሉ ጋሽ ይመር፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፉት ጡረተኛ የክሬን ሠራተኛ። «ልጅቷን ሚዳቋ አደረግሻት እኮ! ለመሆኑ ፍሬው ጠመንጃም ይዟል?»

ዘሐራ አፈረች። ማዳን ልትል ፈልጋ ማደን ብላ ነበር።

«አይዞሽ እትዬ ዘሐራ፣» አለች ሉባባ። «የ‹ያድናል› ፊደሉ አንድ ነው። ‹ድ› ሲላላ ማዳን፣ ሲጠብቅ ማደን ይሆናል። የሚለየው አፍ እንጂ ጽሑፉ አይደለም።»

ሚዛኑ ግን ግራ ተጋባ። ሦስቱም መብራቶች ብልጭ ብለው ጠፉ፤ ግድግዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ አዳኙ ማን ነው?

«ይሄንንስ አላልተን ነው አጥብቀን የምናነበው?» አሉ ጋሽ ይመር።

ሉባባ መሣሪያውን ነካካችው፤ አልተስተካከለም። «ላጥፋውና እንደገና አንብቢው።»

«አይ፣ ይተዉት፣» አለች ዘሐራ። አልተቀመጠችም። «እንዳነበብኩት ይመዝነው።» አሁን ሆን ብላ፣ «ድ»ን አጥብቃ፣ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ደገመችው።

ሚዛኑ የአደን ቃል ስለ ሰማ፣ ዱካ መፈለግ ጀመረ። ግድግዳው ላይ የከተማው ካርታ ወጣ፤ ማስታወቂያው ዘሐራን ያገኘባቸው ቦታዎች ሁሉ እንደ ነጥብ ተለቀሙ። የክሊኒኩ በር። ኢክራም የዘገየች ቀን ቆማ የጠበቀችበት የትምህርት ቤት ደጃፍ። የማጠራቀሚያው መሰላል ሥር። ሁሉም ልቧ የራደባቸው ቦታዎች ናቸው። ከእህቷ ጋር ስትስቅ በዋለችበት ገበያ አንድም ነጥብ የለም።

ከዚያ አረንጓዴው መብራት በራ፤ ለእናቷ ድምፅ ነው። ቀዩ ዓይን እስኪወጋ በራ። ነጩ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

«‹ስንት ሺህ እናቶች መርጠውታል› ይላል እኮ፣» አለች ዘሐራ። «ይሄ ማስረጃ አይሆንም?»

«የመረጡትን ነው ያወራልሽ። ስለ ዳኑት ልጆች ምን አለ?» አለች ሉባባ።

ዘሐራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አነበበችው። ምንም አላለም።

ሚዛኑን ለቤት ሥራ ይዛ ስትወጣ ኢክራም ከበረንዳው ተነሣች። ዘሐራ ፋታ አልሰጠቻትም።

«ስሚኝ። ፍሬው ይቅር። ግን ከዛሬ ጀምሮ ጣራ ላይ አትወጪም! እናትሽ ነኝ፣ ክፉሽን አልወድም። አንድ ነገር ብትሆኚ እኔም አልተርፍ። ባለፈው ወር ራስሽን ስተሽ መውደቅሽን ረሳሽው?»

ሚዛኑ በእጇ ላይ በራ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ነጭ።

ኢክራም ሳቋ አመለጣት። «እማ! አንቺም ማስታወቂያ ነሽ!»

«የእኔ ቢያንስ ነጩም በርቷል፣» አለች ዘሐራ። ቀዩ ግን ከሁሉም ይበልጥ ደምቆ ነበር፤ እንደ ቅድሙ ዓይን ይወጋል። ልጇ የምትሸነፍበትን ቃል እሷም አጥንታ እንደምታውቀው ያን ጊዜ ታያት። ወደ ድልድዩ ሄዱ።

ኪዮስኩ ሲደርሱ ነቃ። ዘሐራ ጆሮ ውስጥ የገባው ድምፅ የኢክራም ነበር።

«እማ፣ አድኚኝ።»

ዞር ስትል ኢክራም አጠገቧ ናት፤ አጎንብሳ የጫማዋን ክር ታስራለች፤ አፏ ዝግ ነው። «እማ፣ አድኚኝ፣» አለ ድምፁ ደግሞ። ዘሐራ ቃሉን ግድግዳ ላይ እንደ ተጻፈ በሐሳቧ አየችው፤ አላልታ አነበበችው፣ አጥብቃ አነበበችው።

«እሺ ይላሉ?» አለ ኪዮስኩ።

«አልልም።»

ድምፁ ከመጀመሪያው ጀመረ። ዘሐራ ወደ ልጇ ዞረች።

«ኢክራም፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ጣራው። ስለ ሙቀቱ። ስለ እኔም።»

ኢክራም ቀና አለች። እንዲህ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። የምትለውን ፈለገች። ጆሮ ገቡ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ በእሷው ድምፅ ይለማመጣል። ሚዛኑ በዘሐራ እጅ ላይ ጨልሟል፤ ለማዳመጥ የተሠራ መብራት የለውም።

ዘሐራ ጠበቀች።