ሃያ ስምንት ከሠላሳ

ከማጫወቻው የምትሰማው ሴትዮ በጃፓንኛ ጥያቄዋን ጠይቃ ሳትጨርስ ሚጣ መልሱን አክብባለች። ሦስት። ቀጣዩ አንድ። እግሯ ጠረጴዛው ስር አላርፍ ብሏል። ጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ቀጭኔ ግን ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዷን ቃል ትለቅማለች። ቀጭኔ የተባለችው በቁመቷ ነው፤ ስሙን ያወጣችላትም ሚጣ ራሷ ናት።

የልምምድ ፈተናውን መምህሩ እዚያው አረሙት። ሚጣ ሃያ ስምንት ከሠላሳ፣ ቀጭኔ አሥራ ዘጠኝ።

«ኧረ ጉድ!» አሉ መምህሩ። «አንቺ ልጅ ጃፓን ነው እንዴ ያደግሽው?»

ክፍሉ ሳቀ። ሚጣም ሳቀች። ይህን የድምፅ ቅጂ በታላቅ እህቷ ፀጉር ቤት ፎጣ እያጠፈች ሁለት ወር ሙሉ ስትሰማው ከርማለች። ከመደጋገሟ ብዛት ጃፓንኛውን ትታ መልሶቹን ሸምድዳቸዋለች። መምህሩ ሲከፍቱት «ቲቸር፣ ይሄን አውቀዋለሁ» ማለት ነበረባት። አላለችም።

ከክፍል ሲወጡ ቀጭኔ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «እኔ ለዋናው ፈተና ቀላሉን፣ ሦስተኛውን ደረጃ ነው የምሞላው» አለች። «አንቺ ሃያ ስምንት፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ! ሁለተኛው ደረጃ ለእኔ አይሆንም።»

«የጃፓኑ የነርስ ትምህርት ቤትስ? ካለ ሁለተኛው ደረጃ አይቀበሉም እኮ!»

«በቃ ይቅርብኝ።»

የፈተናው ምዝገባ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ሚጣ ለምሳ ፀጉር ቤት ሄዳ ምሳውን ሳትነካ፣ ሰምታው የማታውቀውን አዲስ ቅጂ ከፈተች። ቅጂው ላይ የሚነጋገሩት ሰዎች ቶሎ ቶሎ ተንጣጡባት። አንዱን ቃል ስትይዝ ሦስቱ ያመልጧታል። ስታርመው አሥራ አንድ ሆነ። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሳች።

«ምን ሆነሻል? ቁጭ ብድግ አበዛሽ!» አለች እህቷ፣ የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች።

«አሥራ አንድ አገኘሁ።»

«ጠዋት ሃያ ስምንት ብለሽ ደውለሽ! እኔ ለሰው ሁሉ አውርቼ!»

«ሸምድጄው ነበር። ቀጭኔ ደግሞ በእኔ ምክንያት ሁለተኛውን ልትተው ነው። ብነግራት ትጠላኛለች።»

እህቷ መጠቅለሉን አቆመች። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሚጣ ሮጠች። ቀጭኔን ያገኘቻት መምህሩ ቢሮ በር ላይ፣ ፎርሟን ይዛ ተራ ስትጠብቅ ነው።

«አትስጫቸው! ቆይ!» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የጠዋቱ ውጤቴ ውሸት ነው። ቅጂውን ድሮም አውቀዋለሁ። አሁን አዲስ ሞክሬ አሥራ አንድ ነው ያመጣሁት። ያንቺ አሥራ ዘጠኝ እኮ የእውነት ነው።»

«ትቀልጃለሽ?»

«እውነቴን ነው።»

«ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ሳለቅስ» አለች ቀጭኔ ቀስ ብላ፣ «በሩን እያንኳኳሽ ‹አይዞሽ› ስትዪኝ ነበር።»

ቀጭኔ ፎርሙን ግድግዳ ላይ አስደግፋ «ሦስተኛ» የሚለውን ሰረዘችው፤ እስክሪብቶውን ከመጫኗ ብዛት ወረቀቱ ተቀደደ። «ሁለተኛ» ብላ ጻፈች፣ ገብታ ሰጠች፣ ስትወጣ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

በሩ ክፍት ነበርና መምህሩ ሁሉንም ሰምተዋል። ወረቀቶቹን እየሰበሰቡ ቀና አሉ። «ያንቺስ?»

የሚጣ ፎርም ከጠዋት ጀምሮ ተሞልቶ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አወጣችው። ጠረጴዛው ዳር ቆማ «ሁለተኛ» የሚለውን ሰረዘች፣ ከጎኑ «ሦስተኛ» ብላ ጻፈች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

«አይደለሁም» አለችና ፈረመች።