ዘግይቶ የሚስቀው እጮኛ

ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነበር እሱ የሚስቀው።

መጋረጃ ሰፊዋ መጀመሪያ ላይ ልብ አላለችውም። በእሷና በእጮኛዋ መካከል የሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ስላለ የጋብቻ ዝግጅት ትምህርታቸውን የሚከታተሉት በስልክ ነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ በቪዲዮ። የካቶሊክ ቁምስናዋ ቄስ፣ አባ፣ የሚያስተምሯቸው ባልና ሚስት መድበውላቸዋል፤ ባልየው ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ሚስትየዋ ነርስ። ቅዳሜ ከሰዓት ሾፌሩ ስለ ትዳሩ አንድ ቀልድ ያወራል፤ ነርሷ «ውሸቱን ነው!» ትላለች፤ መጋረጃ ሰፊዋ በሳቅ ትፈርሳለች። ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥታው መሀል እጮኛዋ ብቻውን ይስቃል።

«ኔትወርኩ ነው» ይላል፣ ሲያዩት።

መቼም ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም።

የተገናኙት አንድ ሆቴል ሲታደስ ነበር። እሷ የአዳራሹን መጋረጃ ልትሰቅል እሱ ወዳለበት ከተማ ሄዳ ነው፤ እሱ የውሃ ታንከር የሚሠራ በያጅ ሲሆን፣ ለዚያ ሰሞን የመጋረጃውን ብረት እንዲበይድ ተጠርቶ ነበር። መሰርሰሪያው፣ መዶሻውና ጄኔሬተሩ አንድ ላይ ሲጮኹ፣ መሰላል ላይ ሆና «ትንሽ ወደ ግራ!» ብትል የሰማት የለም። እሱ ብቻ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ቀና ብሎ አያትና ብረቱን ወደ ግራ ገፋው። «ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል እኔን ሰማኝ እኮ!» እያለች ታላቅ እህቷን ስታሰለች ከረመች። ፍቅር ሲጀምር ምስክር አይጠራም።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ነርሷ ለብቻዋ ደወለችላት።

«ልጄ፣ በክፉ አትይብኝ። ይህ ልጅ ዓይንሽን አያይም።»

«እንዴ! ዓይኑን ከእኔ ላይ ነቅሎ ያውቃል?»

«አይነቅልም። ግን የሚያየው አፍሽን ነው። ምን እስክትናገሪ ነው እንደዚያ የሚጠብቅሽ?»

ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ሰፊዋ ሌላ ነገር ማየት ተሳናት። መቀስ ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጮኛዋ ፊቱ ላይ ፍርሃት ብልጭ ይላል። እየሰፋች ስታወራው እንደ ልማዷ ስፒል በከንፈሯ ከያዘች፣ «አውጪው፣ ትውጪዋለሽ» ይላል። ድሮ አሳቢነት ይመስላት ነበር፤ አሁን ድምፁ ውስጥ ልመና ያለ መሰላት። ድምፅ ብቻ ብትልክለት አይቀበልም፤ «ፊትሽን አሳዪኝ» ነው ሁልጊዜ። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ለምን የሌላውን ፊት እንደዚህ ይፈልጋል?

እሷም ብትሆን ንጹሕ አልነበረችም። ቀደም ብሎ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፤ ሐኪሟም ልጅ የመውለድ ተስፋዋ የመነመነ መሆኑን ነግሯታል። ይህን የሚያውቁት እህቷና አባ ብቻ ናቸው።

«አለመውለድ ጋብቻን አይከለክልም» ብለዋታል አባ። «አውቀሽ ከደበቅሽው ግን ቤቱን ከነመሠረቱ ታፈርሺዋለሽ። ስማችሁ ሦስት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል። ሦስተኛው ሳይደርስ ንገሪው፣ ልጄ።»

መንገር! ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የሷ ግን ጠበባት። እያየችው መናገር አልቻለችም። ስለዚህ የመጀመሪያው እሑድ እንዳለፈ ባልና ሚስቱ ሰኞ ማታ ደውለው የማዳመጥ ልምምድ ሲሰጧቸው እፎይ አለች። ልምምዱ እንዲህ ነው፤ እጮኛሞቹ ለብቻቸው ይደዋወላሉ፣ ካሜራቸውን ያጠፋሉ፣ አንዱ በልቡ ያለውን ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ሰምቶ ይመልሳል።

«ካሜራው የግድ ይጥፋ?» ብሎ እጮኛዋ ሁለት ጊዜ ጠየቀ።

«የግድ» አለ ሾፌሩ። «ትዳር እኮ በጆሮ ነው የሚዘልቀው።»

በማግስቱ መጋረጃ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ ገና ባልተጠናቀቀ የከፋይ መጋረጃ ሥር ተቀመጠችና ለጨለመው ስክሪን ተናገረች። ስለ ሕመሟ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስንት ቀን እንዳለቀሰች ነገረችው። መጨረሻ ላይ፣ «ልጅ ላልወልድልህ እችላለሁ። ብትተወኝ አልፈርድብህም። ግን አሁኑኑ ንገረኝ» አለች።

ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ፣

«በጣም ደስ ይላል!» አለ። «እኔም ልክ እንዳንቺ ነው የማስበው።» ለስለስ አድርጎም ሳቀ።

ስልኩን ዘጋችው። በቀጥታ እህቷ ዘንድ ሄደች።

«ደስ ይላል አለ?» አለች እህቷ።

«ደስ ይላል አለ።»

«ሌላ ቦታ ወልዷል በይኛ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰው ሁሉ ‹ይህ ልጅ የደበቀው ነገር አለ› ሲል፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው።»

«ተዪኝ እስቲ።»

«አልተውሽም። እሑድ ሲነበብ ተነስቼ ባልናገር!»

በሁለተኛው እሑድ የሁለቱ ስም ተነበበ። «ይህን ጋብቻ የሚከለክል ነገር የሚያውቅ ካለ ይናገር» ሲባል እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። መጋረጃ ሰፊዋ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች። ማንም አልተናገረም። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ስልኳ ላይ መልእክቱ ይጠብቃት ነበር፤ «ምነው ጠፋሽ? ፊትሽን አሳዪኝ።» አላሳየችውም። ሐሙስ ማለዳ ለማንም ሳትነግር አውቶቡስ ተሳፈረች። የምትሄደው ዓይን ለዓይን አይታው ልትተወው ነው።

ከአውቶቡስ እንደወረደች በቀጥታ ወደ ሥራ ቦታው አመራች። ግቢው በግማሽ የተበየዱ ታንከሮች የሞሉበት ነው። ለእረፍት መዶሻው ሁሉ ጸጥ ብሎ ነበር። እጮኛዋ ጀርባውን ሰጥቶ የብየዳ መነጽሩን ይወለውላል።

ጠራችው። መወልወሉን ቀጠለ። ቀረብ ብላ ጠራችው። ጨርቁን አጥፎ ሌላኛውን መነጽር ያዘ። ሦስተኛ ጊዜ ግቢው እስኪያስተጋባ ጮኸች፤ ሠራተኛው ሁሉ ሲዞር እሱ ብቻ አልዞረም። ከዚህ በላይ ንቀት ምን አለ! እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ልትመለስ ስትል አንድ ሽማግሌ በያጅ መንገዷን ዘጋ።

«ልጄ፣ በፊቱ ዙሪለት እንጂ። ከኋላ ማን ይጠራዋል? እኛ እንኳ ትከሻውን ነክተን ነው።»

«ለምን?»

ሽማግሌው አዘነላት። «እጮኛው አይደለሽ እንዴ? አልነገረሽም?»

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባት። ዞራ ፊቱ ቆመች። መጀመሪያ ፊቱ በደስታ በራ። ቀጥሎ ሽማግሌውን አየ፤ የሠራተኞቹን ዝምታ አየ፤ ደስታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ጠርተሽኝ ነበር?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ታንከር ውስጥ ገብተን ነው የምንቀጠቅጠው» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «የቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ቆየ። ግራው ጉም ጉም ይላል እንጂ ቃል አይለይም። ልነግርሽ ነበር። ዛሬ ነገ ስል…»

«እስከ መቼ? አባ ፊት ‹የደበቅኩት ነገር የለም› ብለህ እስክትምል?»

«‹ደንቆሮ አገባች› ሲሉሽ ታየኝ። ፈራሁ። ዋሸሁሽ።»

በጥፊ ልትለው ፈለገች። እቅፍ ልታደርገውም ፈለገች። ያን ሁሉ ቀን ብቻዋን ስትቃጠል እሱ ደግሞ እዚህ ብቻውን ሲቃጠል እንደነበር ስታስብ ይበልጥ ተናደደች።

«ካሜራው የጠፋ ቀን» አለ በቀስታ፣ «ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እሱ ይታወቀኛል። የፍቅር ቃል መስሎኝ ገምቼ መለስኩ። ተሳሳትኩ?»

«‹በጣም ደስ ይላል› አልከኝ።»

«ምን ስትዪኝ?»

ሠራተኞቹ ወዲያ ማዶ ተቀምጠው እያዩ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ ቃል በቃል ሁሉንም ነገረችው። አጠገባቸው የቆመው ሽማግሌ እንኳ አልሰማም። እሱ ግን አንዷም አላመለጠችውም። አጠገቡ ያለው ብረት ላይ ቁጭ አለ።

«ይህን ስትነግሪኝ ነው ደስ ይላል ያልኩሽ?»

«አዎ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እጁን አውርዶ፣ «እኔ እኮ» አለ፣ «ልጅ ቢመጣ ሲያለቅስ አልሰማውም እያልኩ ስፈራ የከረምኩ ሰው ነኝ። ካንቺ ሌላ የምፈልገው የለም። ምነው ያኔውኑ አልተውሽኝ?»

«ልተውህ ነበር የመጣሁት።»

«አሁንስ?»

አጠገቡ ተቀመጠችና ፊቷን ደረቱ ላይ ደፋች። ቱታው ጭስ ጭስ ይላል። «አልተውህም» አለች እያለቀሰች። «እሑድ ሳይነበብ አባ ዘንድ ሄደን ሁለታችንም እንናገራለን። ከዚያ እንጋባለን።»

ልቡ ጆሮዋ ሥር ይደልቃል።

«አሁንስ?» አለ እንደገና፤ ድምፁ ተሰበረ። «ንገሪኝ እንጂ፤ ትተሽኝ ልትሄጂ ነው?»

አልሰማትም። ቀና አለች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንባዋን ሳትጠርግ፣ እያየችው ነገረችው።